ቀርከሃው ላይ የነበረው አንቴና

ማኅበራችን ሒሳቡን የሚዘጋው በየዓመቱ ሰኔ 30 ቀን ነው። በዚያ ሰሞን ከእኔ የሚጠበቀው ንብረታችንን አንድ በአንድ በዓይን አይቶ ከመዝገቡ ጋር ማመሳከር ነው። በመዝገቡ ላይ ከወንበሮቹና ከመደርደሪያው ቀጥሎ «ቴሌቪዥን፣ ባለ 21 ኢንች፣ ከነአንቴናውና ከነቀርከሃው» የሚል መስመር አለ። የእርጅና ተቀናሹ ካለቀ ስለቆየ የመዝገብ ዋጋው 1 ብር ብቻ ነው። ዘንድሮ በቆጠራው ያገዙኝ ሁለት ወጣት አባሎቻችን ቴሌቪዥኑን አገኙት፤ አንቴናውንም ከመጋዘኑ ጣሪያ ሥር አወጡት። ቀርከሃው ግን ከቴሌቪዥን ጋር ምን እንደሚያገናኘው ሊገባቸው አልቻለም። አንደኛዋ የጽሕፈት ስህተት መስሏት መስመሩን ልትሰርዘው ነበር።

ልጆቹ አይፈረድባቸውም። ነፍስ ሲያውቁ ያገኙት ዲሽ ነው፤ አሁን ደግሞ ዲሹንም ትተው የሚፈልጉትን በስልካቸው ያያሉ። «ታዲያ ቀርከሃው ምን ይሠራል?» ሲሉኝ በአንድ ቃል የሚመለስ አልሆነልኝም። በዚህ ዕትም የአባላት ጽሑፍ ተራው የእኔ ስለሆነ፣ ስለ ብድር አመላለስ ልጽፍ ያሰብኩትን ለሚቀጥለው አሳድሬ የቀርከሃውን ታሪክ ጽፌላችኋለሁ። የብድር ኮሚቴው ይቅር ይበለኝ።

የቀድሞው የቴሌቪዥን ሞገድ የሚጓዘው ቀጥ ብሎ ነው። የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ወደ ሰማይ ወጥቶ፣ ከዚያ ነጥሮ ተመልሶ ሩቅ አገር ይደርሳል፤ አባቶቻችን እዚሁ ሆነው የጀርመን ድምፅንና የአሜሪካ ድምፅን ይሰሙ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። የቴሌቪዥኑ ሞገድ ግን መሐል ላይ ተራራ ከገባበት እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ማሰራጫው ከተራራ አናት ላይ ይተከላል፤ ተመልካቹም በበኩሉ አንቴናውን የቻለውን ያህል ወደ ላይ ይሰቅላል። ዳገትና ቁልቁለት በበዛበት እንደ እኛ ባለ አገር ሁለት ክንድ መጨመር ሥዕል በማግኘትና ባለማግኘት መካከል ያለ ልዩነት ሊሆን ይችላል። ቀርከሃ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የአዊ ደጋ ቀርከሃ ቀጥ ብሎ ያድጋል፤ ለቁመቱ ቀላል ነው፤ ነፋስ ሲመጣ ጎንበስ ብሎ ያሳልፋል። ዋጋውም ከብረት ምሰሶ ጋር አይወዳደርም። አጥር የምናጥርበት፣ ቅርጫትና ወንበር የምንሠራበት ተክል በዚህ መንገድ የቴሌቪዥን ምሰሶ ሆነ። ሌላም ጥቅም ነበረው፦ አንድ ሰው ብቻውን ሊያዞረው ይችላል። ማዞር ደግሞ የግድ ነበር።

አንቴናው የዓሣ አጥንት ይመስላል። አንድ ረጅም ዘንግ ላይ አጫጭር የአሉሚኒየም ዘንጎች ተሰድረውበታል። ይህን ዓይነት አንቴና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1926 ያገኙት በጃፓን አገር ቶሆኩ በሚባለው ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሺንታሮ ኡዳ እና ሂዴትሱጉ ያጊ ናቸው። ከኋላ ያለው ዘንግ ሞገዱን ወደ ፊት ይመልሳል፤ ከፊት ያሉት ደግሞ ከአንድ አቅጣጫ የሚመጣውን እየሰበሰቡ መሐል ላይ ላለው ያቀብላሉ። ስለዚህ አንቴናው በትክክል ወደ ማሰራጫው ካልዞረ ዋጋ የለውም። በትንሹ ከተዛባ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል፤ ከተራራ ጋር ተላትሞ ትንሽ ዘግይቶ የሚደርሰው ሞገድ በዋናው ሥዕል ላይ ይደረብና ዜና አንባቢው ሁለት ሰው ይሆናል። አንዱ ደመቅ ያለ፣ ሁለተኛው እንደ ጥላ ከጎኑ የሚቆም።

ይህን ለማስተካከል ሦስት ሰው ያስፈልግ ነበር። አንዱ ውጭ ቀርከሃውን አቅፎ ቀስ እያለ ያዞራል። አንዱ በር ላይ ቆሞ መልእክት ያቀብላል። አንዱ ከስክሪኑ ፊት ሆኖ ይፈርዳል። «መጣ... መጣ... ኧረ አለፈ! መልሰው!» የሚለው ድምፅ በሠፈራችን የማታ ድምፅ ነበር። ዝናብ ሲዘንብ የሚላከው ብዙ ጊዜ ልጅ ነው፤ ልጁ ታዲያ አስተካክሎ ሲገባ የሚፈልገው ነገር አልፎ ያገኘዋል። ዛሬ ሪሞት ካልጋው ወዲያ ወደቀ ብለው የሚነጫነጩትን ሳይ አንዳንዴ ሳቄ ይመጣል።

አንቴናው ምንም ካልያዘ ስክሪኑ እንደሚነፋ ጤፍ መርመስመስ ይጀምራል፤ ሽሽሽ የሚል ድምፅም አለው። ስለዚህ ነገር በኋላ ያነበብኩት በጣም ገርሞኛል። ከዚያ ነጠብጣብ ውስጥ ትንሹ፣ ከመቶ አንድ እጅ ገደማ፣ ዓለም ሲጀመር ከተፈጠረው ሙቀት የተረፈ ሞገድ ነው ይላሉ ሳይንቲስቶች። ሞገዱን ሳያስቡት ያገኙት አርኖ ፔንዚያስ እና ሮበርት ዊልሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ሲሆኑ፣ ያገኙትም በፈረንጆች 1964 ነው። የእኛ አገር ቴሌቪዥን የተጀመረውም በዚያው በፈረንጆች ዓመት መሆኑ አጋጣሚ ነው።

በእኛ አቆጣጠር ቀኑ ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነበር። ጥቅምት 23 የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ነው፤ አዲስ ነገር የሚመረቀው በንጉሡ በዓል ቀን ነበርና ቴሌቪዥኑም ለዚያ ቀን ደረሰ። ሥራውን የዘረጋው ቶምሰን የሚባል የእንግሊዝ ኩባንያ ሲሆን ስቱዲዮው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር። ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ነው። የሚሠራው ምሽት ላይ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። ስርጭቱም ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ ብዙ አይርቅም። ከመነሻው አንስቶ የልጆችን ክፍለ ጊዜ የያዙት ተስፋዬ ሣህሉ፣ ሁላችንም አባባ ተስፋዬ የምንላቸው፣ ከአርባ ዓመት በላይ እዚያው ቆይተው ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. አርፈዋል። ስለ እሳቸው ለእኛ ለሴቶች አንድ የምትጣፍጥ ነገር ልጨምር። ወጣት ተዋናይ በነበሩበት ዘመን መድረክ ላይ የምትወጣ ሴት ስላልነበረች የሴት ገጸ ባሕርይ ይጫወቱ ከነበሩት አንዱ እሳቸው ነበሩ። ሦስት ትውልድ አባቴ ያላቸው ሰው መድረክ ላይ ቀሚስ ለብሰው ነው የጀመሩት።

የዚህ ሣጥን ጉልበት በአገራችን የታወቀው ግን በአሥረኛ ዓመቱ ነው። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ የእንግሊዝ ጋዜጠኛ የወሎን ረሃብ ቀርጾ በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየ። ደርግ ያንን ፊልም ወሰደና ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕሎች ጋር አቀላቅሎ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ በዕንቁጣጣሽ ዕለት፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አስተላለፈው። ንጉሡም እንዲያዩት ተደረገ። በማግስቱ መስከረም 2 ጠዋት በቮልስዋገን መኪና ተጭነው ከቤተ መንግሥታቸው ወጡ። መንግሥቱ በአንድ ፊልም ወደቀ ማለቴ አይደለም፤ ወራት ሙሉ ሲፈርስ የቆየ ነገር ነው። ግን ሕዝቡ ጠዋት የሚሰማውን ነገር ማታውኑ በዓይኑ አይቶ እንዲያድር ተደርጓል። ያየውም ያን ጊዜ ቴሌቪዥን የነበረው የአዲስ አበባ ሰው ነው። ጎጃም ወሬውን የሰማው በሬዲዮ ነው፤ የሰማ ከሰማ።

ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ይለፍና ወደ 1977 ዓ.ም. እንምጣ። መደበኛው የቀለም ስርጭት የጀመረው በዚያ ዓመት መግቢያ፣ አብዮቱ አሥረኛ ዓመቱን ሲያከብርና የኢሠፓ ምሥረታ ሲታወጅ ነው። ሰልፉና ባንዲራው በቀለም ታየ። ወሩ አልፎ ብዙም ሳይቆይ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. መሐመድ አሚን የተባለው ኬንያዊ የካሜራ ባለሙያ ከጋዜጠኛው ከማይክል በርክ ጋር በኮረም ያነሣው ፊልም በቢቢሲ ቀረበና ዓለም አለቀሰ። ስለ ቴሌቪዥን ሳስብ እነዚህ ሁለት ነገሮች በአንድ ወቅት መሆናቸው ከአእምሮዬ አይወጣም። ቀለሙን ያገኘነው ለበዓሉ ነው። በረሃቡ የተጎዱት እናቶች ደግሞ ሥዕላቸው ውጭ አገር ደርሶ ቴሌቪዥን የሚባለውን ነገር ራሱን አያውቁትም ነበር። ካሜራ ፊት የሚቆመውና ስክሪን ፊት የሚቀመጠው አንድ ሰው አይደለም፤ የሁለቱም ታሪክ ለየብቻ መጻፍ አለበት። ስለ ካሜራው ብዙ ተጽፏል። እኔ የማውቀው ስክሪን ፊት ስለመቀመጥ ነው።

በልጅነቴ በሠፈራችን ቴሌቪዥን የነበራት አንዲት ነጋዴ ብቻ ነበረች። በመኪና ባትሪ የሚሠራ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ባለ 14 ኢንች ነበር። ባትሪው ሲያልቅ በጋሪ ተጭኖ ሄዶ ተሞልቶ ይመጣል፤ የሚሞላበትን ገንዘብ ተመልካቾች በየተራ ያዋጣሉ። አሁን ሳስበው ያ መዋጮ እኛ ዛሬ ከምናደርገው ብዙም አይለይም፤ ተራ የደረሰበት ሰው ካልከፈለ ይታወቃል። ዜናው 2 ሰዓት ሲሆን ወንዶች ወንበር ላይ፣ ልጆች መሬት ላይ፣ ሌላው በር ላይ ቆሞ ያያል። ሴቶችስ? 2 ሰዓት የእራት ሰዓት ነው። ሴቶቹ ጓዳ ናቸው። እናቴ የዜና አንባቢዎቹን ድምፅ አንድ በአንድ ትለያለች፤ ትንሽ ጉንፋን የያዘውን እንኳ ታውቃለች። መልካቸውን ያየችው ግን ከብዙ ዓመት በኋላ የራሳችን ቴሌቪዥን ሲገዛ ነው። አንደኛውን «እኔ እኮ ጠይም ረጅም ነበር የሚመስለኝ» ብላ ያዘነችበት ትዝ ይለኛል።

ቪዲዮ ቤት የሚባለውም ለሴት አልነበረም። በሳንቲም እየተከፈለ ፊልም የሚታይበት ጨለማ ክፍል ነበር፤ ሴት ልጅ እዚያ ገብታ ከታየች ወሬው ከእሷ ቀድሞ ቤት ይገባል። ወንድሜ ያየውን ፊልም ተርኮልኝ ነው ያደግኩት። ከተረኩልኝ ፊልሞች አንዳንዶቹን ካደግኩ በኋላ ሳያቸው የወንድሜ ይበልጡ ነበር።

ከዚህ የሚለይ አንድ ቀን አለ። መስከረም 20 ቀን 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሎምፒክ ደራርቱ ቱሉ 10,000 ሜትር አሸነፈች። ታላላቆቻችን ከዚያ በፊት፣ ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በዚሁ ርቀት ማሸነፏን ያስታውሳሉ፤ ያን ጊዜ ኦሎምፒክ ላይ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት እሷ ነበረች። የሲድኒው ሩጫ በታየ ጊዜ ባለቤቲቱ ቴሌቪዥኑን ወደ በሩ አዞረችውና ግቢው ሞላ። ሴቶቹ ሥራቸውን ጥለው መጡ፤ እጃቸው ሊጥ እንደሆነ ከፊት ተቀመጡ፤ ማንም ተነሡ አላላቸውም። ቀርከሃውን የያዘው ጎረምሳ ደራርቱ የመጨረሻውን ዙር ስትፈተለክ ለማየት ምሰሶውን ለቅቆ ሮጦ ሲገባ ሥዕሉ ጠፋ። ያን ቀን የተሰደበውን ስድብ አሁን ትልቅ ሰው ሆኖ እንኳ እያነሡ ይስቁበታል። እኛ ያየነው ስትፈተለክ እስከ መሐሉ ነው፤ ቀሪውን የሰማነው በድምፅ ነው።

ቴሌቪዥን እየበዛ ሲሄድ አንድ ጥሩ ገበያ አመጣ፤ ይህንን የሚጽፍ ሰው ስላላጋጠመኝ እኔ ልጻፈው። ያ ቴሌቪዥን ከኋላው ትልቅ ሆድ ነበረው። በውስጡ ያለው የመስታወት ቱቦ ከጀርባው ኤሌክትሮን ወደ ስክሪኑ እየረጨ፣ 625 መስመር እየጻፈ፣ በሴኮንድ 25 ሥዕል ይሠራል፤ ለዚያ የሚሆን ቦታ ስለሚፈልግ ሣጥኑ ጥልቅ ነው። ጥልቅ ስለሆነ ደግሞ አናቱ እንደ ጠረጴዛ ነው። አናቱ ላይ ዳንቴል ይለብሳል። በዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ ወይም የሠርግ ፎቶ ይቀመጣል። ማታ ሲዘጋ ፊቱን የሚሸፍን ጥልፍ መጋረጃም አለው። የማኅበራችን መሥራቾች ከሆኑት መሐል ሦስቱ እናቶቻችን ልጆቻቸውን ያስተማሩት በዚህ ዳንቴል ሥራ ነው፤ ለቴሌቪዥን፣ ለሬዲዮ፣ ለቡፌ እየሠሩ ጥርባና እንጅባራ ይሸጡ ነበር። ጠፍጣፋው ቴሌቪዥን ሲመጣ አናቱ ላይ ጣት እንኳ አያስቀምጥም። ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ ዳንቴሉም ቀረ። የአንዷን እናታችንን የድሮ የሽያጭ ደብተር አይቼዋለሁ፤ ለሶፋ የሚሆነው ቀጥሏል፣ «ለቲቪ» የሚለው ዓምድ ግን በየወሩ እየሳሳ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ባዶ ይሆናል። የቴክኖሎጂ ለውጥ ሲባል ሰው የሚያስበው ሌላ ነገር ነው። ለእኔ ያ ባዶ ዓምድ ነው።

የእኔ ዕድሜ እኩዮች ሌላ ቴሌቪዥን ደግሞ እናውቃለን፤ ፕላዝማውን። በ1997 ዓ.ም. መንግሥት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ትምህርትን በሳተላይት ማስተላለፍ ሲጀምር በየክፍሉ ትልቅ ስክሪን በብረት ቤት ተቆልፎ ቆመ። መምህራችን መግቢያ ይናገራል፤ ከዚያ ስክሪኑ ይረከበዋል። ስክሪኑ ውስጥ ያለው መምህር በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ ጥያቄ ጠይቆም መልስ ለማሰብ የሚሰጠን ጊዜ ደብተር ለመግለጥ አይበቃም። መብራት ከጠፋ ትምህርቱ አለፈ ማለት ነው፤ ተመልሶ አይመጣም። ሒሳብ ወድጄ የሒሳብ ሠራተኛ የሆንኩት በፕላዝማው አይደለም፤ ፕላዝማው ሲዘጋ በቀረችው ጥቂት ደቂቃ ሰሌዳው ላይ እንደ ገና ከሀ ጀምሮ በሚያስረዳን መምህር ነው። ቢሆንም እውነቱን ለመናገር፣ የኬሚስትሪ ሙከራ ሲሠራ ያየሁት እዚያ ስክሪን ላይ ብቻ ነው፤ ላቦራቶሪ አልነበረንም።

ዲሽ ስለ ራሱ ብዙ ማለት አያስፈልገውም፤ አሁንም ጣሪያችን ላይ አለ። ሞገዱ ከሰማይ ስለሚመጣ ተራራ አያግደውም፤ ቀርከሃው ሥራ የፈታው በዚህ ነው። ቻናሉ በዛ፤ በ2008 ዓ.ም. ቃና ከመጣ በኋላ የቱርክ ድራማ በአማርኛ እየተናገረ እራት ሰዓትን ወሰደው። እዚህ ላይ ሴቶች ከጓዳ ወጡ፤ ወጥ ወደ ሳሎን መጣ ማለት ይቀላል። በአማራ ሚዲያ በአዊኛ የሚተላለፈውን ሲሰሙ የተገረሙ አያቶች አሉን፤ ቴሌቪዥን የሚናገረው የእነሱን ቋንቋ ነው ብለው አስበው አያውቁም ነበር። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሚከበረውን የአገው ፈረሰኞች በዓልም ዛሬ እቤታቸው ቁጭ ብለው ያያሉ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አሮጌውን እየናፈቅኩ አልክደውም።

የቀረው የድሮው ስርጭት መዘጋት ነው። በፈረንጆች 2006 ጄኔቭ ላይ የአውሮፓ፣ የአፍሪካና የመካከለኛው ምሥራቅ አገሮች አናሎግ የሚባለውን አሮጌ ስርጭት በዲጂታል ለመተካት ተስማሙ። የተቆረጠው ቀን ሰኔ 10 ቀን 2007 ዓ.ም. ነበር። ብዙ የአፍሪካ አገሮች በቀኑ አልደረሱም፤ አገራችንም አልደረሰችም። ምክንያቱ ለሒሳብ ሠራተኛ ግልጽ ነው። አናሎግ አንድ ቻናል በሚይዝበት የሞገድ ቦታ ዲጂታል ከአሥር በላይ ያሳልፋል፤ የተረፈው ቦታ ለስልክ ኢንተርኔት ይሆናል። ትርፉ ለአገር ነው፤ ወጪው ግን የሚያርፈው አሮጌ ቴሌቪዥን ባለው ሰው ላይ ነው፤ መሣሪያ መግዛት ያለበት እሱ ነውና። ቴሌቪዥናችንን የዘረጋችው እንግሊዝ የራሷን አናሎግ ጨርሳ የዘጋችው በጥቅምት 2005 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው 75 እና ከዚያ በላይ ለሆነና ለአካል ጉዳተኞች ባለሙያ ቤታቸው ድረስ እየሄደ መሣሪያውን የሚገጥምላቸው የእርዳታ ፕሮግራም ነበራት። ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከአባሎቻችን መካከል ብቻቸውን የሚኖሩ አራት እናቶች ቴሌቪዥናቸው «ተበላሸ» ብለው ሸፍነው አስቀምጠውት ነበር። ሄጄ አየሁት። የሁለቱ አልተበላሸም፤ የሚይዘው ነገር አጥቶ ነው። ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ቀዳዳ ከጀርባው ወይም ከፊቱ ካለው ሪሲቨር ይቀበላል። የወንድሜ ልጅ ገጠመላቸውና አሁን ቅዳሴ ያያሉ።

አናሎግ ሲደክም ይደበዝዛል፤ ሰው በደበዘዘውም ቢሆን ይከታተላል። ዲጂታል ግን ወይ ጥርት ብሎ አለ፣ ወይ ጨርሶ የለም፤ መሐል የለውም። ስክሪኑ ላይ «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ ሲያዩ እናቶቻችን ዕቃው የሞተ ይመስላቸዋል። ቤታችሁ ያለ ልጅ ይህን ቢያስረዳቸው ጥሩ ነው።

በእውነት የሞተውን ግን ለልጅ አትስጡት፤ ለቁራሌውም አትሽጡት። የቱቦው መስታወት ውስጥ እርሳስ አለበት፤ የምንጽፍበት ሳይሆን መርዛማው ማዕድን፣ በአንድ ቴሌቪዥን ከአንድ ኪሎ በላይ። መዳብ ፍለጋ የሚሰብሩት ልጆች አቧራውን ይስቡታል። ውስጡ አየር የሌለው ስለሆነ ሲመታ ወደ ውስጥ ፈንድቶ ስባሪውን ይረጫል። ከ20 ሺህ ቮልት በላይ ይይዝ የነበረ ዕቃ ስለሆነ ከተነቀለ በኋላም ሊመታ ይችላል። በየቤቱ ያለው ሳይነካ በአንድ ደረቅ ቦታ እንዲቆይ ለሥራ አመራሩ ሐሳብ አቅርቤአለሁ።

የማኅበሩን ቴሌቪዥን ደግሞ ከመዝገብ እንዳናወጣው የጠየቅኩት በሌላ ምክንያት ነው፤ ካሴት። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በየሠርጉ፣ በየክርስትናው፣ በየተስካሩ የተቀረጸው ቪኤችኤስ ካሴት ዛሬ በየቡፌው ውስጥ አለ፤ ማጫወቻው ግን የለም። ማጫወቻውን ይሠራ የነበረው የመጨረሻው ፋብሪካ፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. አቁሟል። ካሴቱ ውስጥ ያለው ጥብጣብ ደግሞ በማግኔት የተጻፈ ነው፤ ሲቆይ ጽሑፉ ይለቃል፣ እርጥበት ያገኘው ይሻግታል፤ የእኛ አገር ክረምት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ባለፈው ስብሰባ አንዲት እህታችን ካሴት በሻሽ ጠቅልላ አመጣች። የታላቅ እህቷ ሠርግ ነው። እናቷ የሞተችው እሷ የሁለት ዓመት ልጅ ሳለች ነው፤ ሠርጉ ላይ እናትየው ስትጨፍር አለች ይላሉ ያዩት። ልጅቷ አንድም ቀን አይታው አታውቅም። ከፎቶ በቀር የእናቷን አካሄድ፣ አሳሳቅ፣ ድምፅ አታውቅም።

እንጅባራ ያለ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ የማኅበሩን ማጫወቻ ከፍቶ አይቶታል። ሞተሩ ይሠራል፤ የላላው ቀበቶው ነው፤ ጥብጣቡን የሚያነበው ራስ ደግሞ ቆሽሿል። ቀበቶ ከሌላ ካረጀ ማጫወቻ ላይ ከተገኘ እገጥመዋለሁ ብሏል። ማጫወቻው ከተነሣ ወደ ኮምፒዩተር የሚገለብጥ ገመድ ይገዛል፤ ዋጋው ከጽሕፈት መሣሪያ በጀታችን አያልፍም። ስለዚህ ቤታችሁ የቪዲዮ ማጫወቻ ያላችሁ፣ ባይሠራም፣ ሽፋኑ ቢሰበርም፣ ለመለዋወጫ ይሆናልና አምጡልን። ካሴቶቻችሁንም ስማችሁን ጽፋችሁበት፣ በላስቲክ ሳይሆን በጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ እንደ መጽሐፍ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት እንጂ አታስተኙት። ከምድጃ አጠገብ አይቀመጥ። ራሳችሁ በሌላ ሰው ማጫወቻ ለመሞከርም አትቸኩሉ፤ የሻገተ ጥብጣብ አንዴ ከተበጠሰ መቀጠሉ ከባድ ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቢሮ አለሁ፤ ተረክቤ ደረሰኝ እቆርጥላችኋለሁ።